የአልሞንድ ዘይትና የቆዳችን እርጥበት

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ አድማጮች፣

ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ልታዳምጡኝ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ አልሞንድ ዘይት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው «ቆዳን ያረጥባል» የሚለውን ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት ስለሆነ፣ ንግግሬን ከዚሁ ልጀምር። በዘይቱ ውስጥ አንዲትም የውኃ ጠብታ የለችም፤ ስለዚህ ለደረቀ ቆዳ እርጥበት ሊሰጥ አይችልም። ሥራው በቆዳችን ላይ ያለው ውኃ ተንኖ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው። ይህን ልዩነት የተረዳ ሰው ዘይቱን መቼ መቀባት እንዳለበትም ይገባዋል።

የቆዳችን የላይኛው ሽፋን በተነባበሩ የሞቱ ሕዋሳት የተገነባ ሲሆን፣ በሕዋሳቱ መካከል ያለውን ክፍተት ሴራማይድ የተባለ ቅባት፣ ኮሌስትሮልና የስብ አሲዶች ይሞሉታል። በጣም ሙቅ ውኃ፣ ጠንካራ ሳሙና፣ ደረቅ አየር ወይም የዕድሜ መግፋት ይህን ቅባት ሲያሳሳው ከውስጥ ያለው ውኃ በቀላሉ ይተናል፤ ቆዳውም ይሻክራል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። የአልሞንድ ዘይት የተላላጠውን ቅርፊት ያለሰልሳል፣ በላዩም ስስ ሽፋን ሆኖ ትነቱን ይቀንሳል። በመሆኑም የሚመረጠው ጊዜ ከመታጠቢያ እንደወጣን፣ ገላችንን በፎጣ ሳንፈገፍግ ጫን ጫን ብቻ አድርገን ካደረቅን በኋላ፣ ቆዳችን ገና ርጥብ ሳለ ነው። ጥቂት ጠብታ በመዳፍ አሙቆ መቀባት ይበቃል። እኔ ራሴ ይህን ሳላውቅ ለዓመታት በደረቀ ቆዳ ላይ ስቀባው ኖሬያለሁ፤ ከላይ ያብለጨልጫል፣ ማሳከኩ ግን አይለቅም ነበር።

ከዘይቱ ስብ ውስጥ ከመቶ ከ60 እስከ 70 የሚሆነው ኦሌይክ አሲድ፣ ከ20 እስከ 30 የሚሆነው ደግሞ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ሊኖሌይክ አሲድ ቆዳችን ሴራማይድ ለመሥራት የሚጠቀምበት ሲሆን፣ ኦሌይክ አሲድ በብዛት ሲገኝ ግን የቆዳን መከላከያ ሊያላላ ይችላል። በዚህ ምክንያት የአራስ ሕፃናትን ገላና ኤክዚማ በተባለው የሚያሳክክ የቆዳ ሕመም የተጎዳ ቆዳን ሐኪም ሳያማክሩ በዚህ ዘይት ማሸትን አልደግፍም። ፊታቸው ወዛም የሆነና ብጉር የሚያስቸግራቸው ሰዎችም ከፊት ይልቅ ለእጅ፣ ለክርንና ለተረከዝ ቢጠቀሙበት ይሻላል።

ስለ ስያሜው አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በአማርኛ «ለውዝ» የሚለውን ቃል ለአልሞንድም ለኦቾሎኒም ስለምንጠቀምበት፣ «የለውዝ ዘይት» የሚል ጽሑፍ ብቻውን የትኛው ዘይት እንደሆነ አይነግረንም። አለርጂ ላለበት ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አልሞንድም ራሱ ጣፋጭና መራራ የሚባሉ ዓይነቶች አሉት፤ መራራው ተፈጭቶ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ የሚያመነጭ አሚግዳሊን የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት ስለያዘ፣ ለቆዳ የምንገዛው የጣፋጩ አልሞንድ ዘይት መሆኑን ማረጋገጥ አለብን።

ለአልሞንድ ወይም ለመሰል ፍሬዎች አለርጂ ያለበት ሰው ዘይቱን ቢተወው ይመረጣል፤ በተለይ ያልተጣራው የፍሬው ፕሮቲን ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል። በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል የሚገባ ፕሮቲን ሰውነትን ለአለርጂ ሊያጋልጥ ስለሚችልም፣ ቁስል ላይ አንቀባው። ሌሎቻችን ደግሞ አስቀድመን ጥቂት ጠብታ በክንዳችን ውስጠኛ ክፍል ቀብተን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ብንጠብቅ፣ መቅላት ወይም ማሳከክ ቢመጣ በትንሽ ቦታ ላይ ብቻ ይታወቀናል።

ዘይቱ ከፀሐይ ጨረር መከላከያን አይተካም፤ በእርግዝና ጊዜ የሚወጣ ሸንተረርንም አያጠፋም። በሆድ ላይ ቀስ ብሎ ማሸት ከመወጠር የሚመጣውን ማሳከክ ሊያስታግስ ይችላል፤ ከዚህ አልፎ ተስፋ የሚሰጥን ሻጭ ግን ባታምኑት እመርጣለሁ።

በመጨረሻም አቀማመጡን ልጥቀስ። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ዘይቱን ያበላሹታል፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኢ ብልሽቱን ቢያዘገየውም አያስቀረውም። ጠቆር ባለ ጠርሙስ፣ ክዳኑ በደንብ ተገጥሞ፣ ቀዝቀዝ ባለና ጨለማ በሆነ ቦታ ይቀመጥ። ጠርሙሱን ስትከፍቱ የሚሰነፍጥ የቆየ ዘይት ሽታ ከሸተታችሁ፣ ግማሹ ቀርቶም ቢሆን አፍስሱት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።