ልጆች ሜትር ይዘው ከተማ ሲመረምሩ፦ የአንደኛ ደረጃ የመስክ ጉብኝት አዘገጃጀት

[ምስል፦ መንገድ ዳር የተደረደሩ መኪናዎች። ካሜራው ወደ ልጅ ቁመት ዝቅ ይላል።]

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዓይን ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ብዙ የቤት መኪናዎች ደግሞ 1 ሜትር ከ50 አካባቢ ቁመት አላቸው። መኪና በተደረደረበት መንገድ ዳር የቆመ ልጅ የሚመጣውን አያይም፤ የሚመጣውም ሹፌር ልጁን አያየውም። ከተማን የሚነድፉት አዋቂዎች ናቸው፤ የሚያዩትም ከራሳቸው ቁመት ነው።

ዘላቂ የከተማ ዲዛይን ማለት ከተማው ዝናቡን የሚያሰርግ፣ ሙቀቱን የሚያበርድ፣ ሰው መኪና ባይኖረውም በሰላም የሚደርስበት ሆኖ ለዛሬዎቹም ለሚመጡትም ነዋሪዎች እንዲያገለግል ማድረግ ነው። ይህን ለልጆች ማስተማር የሚቻለው እንዲለኩ በማድረግ ነው።

ብዙ የትምህርት ጉብኝቶች የሚበላሹት ገና ሲታቀዱ ነው። ልጆቹ በአውቶቡስ ተጭነው ጣሪያው ላይ ሶላር ወደተገጠመለት አንድ ሕንፃ ይወሰዳሉ። አስጎብኚው ይናገራል፣ ልጆቹ ያዳምጣሉ፣ ፎቶ ተነስተው ይመለሳሉ። ያዩትን ከምን ጋር ያነጻጽሩት? የሚያስተምራቸው ጥንድ ነገር ነው፦ ጥላና ፀሐይ፣ አስፋልትና አፈር፣ ሰፊ ማቋረጫና ጠባብ ማቋረጫ። ጥንዶቹ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በር ብዙም አይርቁም።

[ምስል፦ የሰፈር ካርታ፤ ከትምህርት ቤት ተነስቶ ወደ ትምህርት ቤት የሚመለስ መስመር]

ስለዚህ መንገዳችሁ ከ1.5 ኪሎ ሜትር አይብለጥ። አራት ማቆሚያ ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ፣ ለእግር ጉዞው 40 ደቂቃ፣ ለመጸዳጃና ለሚያጋጥመው ነገር 30 ደቂቃ ብትይዙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። አምስተኛ ማቆሚያ ለመጨመር አትጓጉ፤ ሁልጊዜ የሚጣደፈው የመጨረሻው ማቆሚያ ነው፣ የተጣደፈ ልኬት ደግሞ አይታመንም።

ከሳምንት በፊት፣ ጉብኝቱ በሚደረግበት የሳምንቱ ቀንና በዚያው ሰዓት መንገዱን ራሳችሁ ሂዱበት። ጠዋት ጥላ የነበረው ቦታ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ እሑድ ጭር ያለው መንገድ ማክሰኞ ይጨናነቃል።

ልጆቹን በአምስት በአምስት ከፋፍሏቸው፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አዋቂ ይመደብ። ከአምስቱ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ይመዘግባል፣ አንዱ ዕቃ ይይዛል። አምስተኛው ገማች ነው፦ ከመለካቱ በፊት ቡድኑን አማክሮ ግምታቸውን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ግምቱም ይጻፋል። ይህን ሥራ በፍጹም አታስቀሩት። ግምቱን አስቀድሞ ያስመዘገበ ልጅ ውጤቱን በጉጉት ይጠብቃል፤ ያልገመተ ልጅ ቁጥሩን ጽፎ ያልፋል።

በጉዞው መጀመሪያ ላይ ከፍ ያለ ቦታ ካለ፣ የሕንፃ ሰገነትም ቢሆን፣ አጥሩ አስተማማኝ መሆኑን አረጋግጣችሁ ከዚያ ጀምሩ። ስኮትላንዳዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ፓትሪክ ጌዴስ እ.ኤ.አ. በ1892 ኤዲንብራ ውስጥ አንድ ማማ ይዞ ለዚሁ ዓላማ አውሎታል፤ ጎብኚው መጀመሪያ ጫፉ ላይ ወጥቶ ከተማውን በሙሉ ያይ ነበር፣ ከዚያም ፎቅ በፎቅ እየወረደ ያጠና ነበር።

[ምስል፦ አንደኛ ማቆሚያ፤ ግማሹ ዛፍ ያጠላበት አስፋልት]

ሙቀት። የሚያስፈልገው አንድ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር፣ ማለትም ሳይነካ ከርቀት የወለልን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ነው። ሌዘር ስላለው በአዋቂ እጅ ይሁን፤ ወደ ማንም ዓይን አይዞር። ጥርት ባለ ቀን፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ፀሐይ ያረፈበትን አስፋልትና ዛፍ ያጠላበትን አስፋልት ለኩ። ልዩነቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ይችላል።

እዚህ ላይ በብዛት የሚሠራው ስህተት በፀሐይ ያለ አስፋልትን በጥላ ካለ ሣር ጋር ማነጻጸር ነው። እንዲህ ከሆነ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተለወጠ፤ ያቀዘቀዘው ጥላው ይሁን ሣሩ አይታወቅም። መጀመሪያ አስፋልትን ከአስፋልት፣ ቀጥሎ በፀሐይ ያለ ሣርን በፀሐይ ካለ አስፋልት ለኩ። ጥላው አሁን የደረሰበት ቦታ ገና ትኩስ ስለሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጥላ ውስጥ የቆየውን ምረጡ። የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ መሣሪያው የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል፤ ተዉት። በየቦታው ሦስት ጊዜ ለክታችሁ መካከለኛውን መዝግቡ። የተለካው የወለሉ ሙቀት እንጂ የአየሩ እንዳልሆነም ለልጆቹ ንገሯቸው፤ የአየሩ ልዩነት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

[ምስል፦ ሁለተኛ ማቆሚያ፤ አፈር ውስጥ የተተከለ አጭር የፕላስቲክ ቱቦ]

ውሃ። ልጆችን ከሁሉ የሚያስገርማቸው ይህ ነው፤ ጊዜ ከተረፋችሁ እዚህ አውሉት። የውስጥ ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ በ15 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አስቆርጡ። ከላዩ ጣውላ አጋድማችሁ በመዶሻ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈር አስገቡት። 440 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍስሱበት፤ ይህ 2.5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይሰጣል። የመጀመሪያውን አትቁጠሩት፤ ደረቅ አፈር መጀመሪያ ላይ ስለሚመጥ ውሃው ቶሎ የሠረገ ያስመስላል። ሁለተኛውን አፍስሳችሁ ሰዓት ያዙ። በ15 ደቂቃ ካላለቀ የቀረውን ጥልቀት በማስመሪያ ለኩ።

ይህን በሦስት ቦታ አድርጉት፦ ዛፍ ሥር ባለ ልስልስ አፈር፣ ሰው በሚመላለስበት ጠንካራ አፈር፣ አስፋልት ላይ። አስፋልት ላይ ቱቦው ስለማይገባ ዙሪያውን በመጫወቻ ሸክላ ድፈኑት። ብዙ ልጆች አፈር ሁሉ ውሃ ይጠጣል ብለው ይገምታሉ። የተረገጠው አፈር ውሃውን እንደ አስፋልት ይዞት ሲቀመጥ ግን ይደነግጣሉ። ምክንያቱን ራሳቸው እንዲፈልጉት ተዋቸው፦ ሲረገጥ በአፈሩ ቅንጣቶች መሃል ያለው ክፍተት ይዘጋል። ውሃው ባልተጠበቀ ፍጥነት ከጠፋ በቱቦው ጠርዝ ሥር አምልጦ ይሆናል፤ በውስጥ በኩል ዙሪያውን በጣት ጠቅጥቃችሁ ድገሙት።

እዚያው ቆማችሁ አንድ ስሌት አሠሯቸው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 400 ካሬ ሜትር አስፋልት ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 8,000 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 400 መሆኑ ነው። አሁን በአቅራቢያ ያለውን የጎርፍ መውረጃ አፍ አሳይታችሁ “ይህ ሁሉ በዚህች ቀዳዳ ይገባል?” ብላችሁ ጠይቋቸው።

[ምስል፦ ሦስተኛ ማቆሚያ፤ መብራት ያለው የእግረኛ ማቋረጫ]

መሻገር። ከመውጣታችሁ በፊት ግቢ ውስጥ 10 ሜትር አስምራችሁ እያንዳንዱ ልጅ እንደወትሮው ሲራመድ ስንት ሰከንድና ስንት እርምጃ እንደሚፈጅበት መዝግቡ። ማቋረጫው ላይ ማንም ሜትር ዘርግቶ መንገድ አይገባም፤ ከአዋቂ ጋር ሲሻገሩ እርምጃቸውን ይቆጥራሉ፣ ስፋቱን ከዚያ ያሰላሉ። በብዙ አገር መብራት ሲሰላ የእግረኛ ፍጥነት በሰከንድ 1.2 ሜትር ተደርጎ ይያዝ ነበር። በዚህ ስሌት 12 ሜትር በ10 ሰከንድ ይታለፋል። በሰከንድ 1 ሜትር የሚራመድ ልጅ ግን 12 ሰከንድ ያስፈልገዋል። የጎደሉት ሁለት ሰከንዶች የዲዛይን ጥፋት እንጂ የልጁ ጥፋት አይደሉም፤ ይህን በግልጽ ንገሯቸው።

አራተኛው ማቆሚያ አጭር ነው። በር ላይ ያለን ደረጃ ቁመት ለክታችሁ በ12 አባዙ፤ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዊልቸር ተጠቃሚ የሚያስፈልገው ተዳፋት 1 ሜትር ከ80 ይረዝማል። ተዳፋት ካለ ርዝመቱን በሜትር፣ ከፍታውን ደግሞ በውሃ ልክ እየታገዛችሁ አረጋግጡ። ልጆች ሜትር ሲይዙ ከዜሮ ሳይሆን ከ1 የመጀመር ልማድ ስላላቸው ጫፉን አንድ አዋቂ ይይዝላቸው።

[ምስል፦ ክፍል ውስጥ፤ ባለ ቀለም የወረቀት ቁራጮች በ12 ሳንቲ ሜትር ካርቶን ላይ]

በማግስቱ “የወደፊቱን ከተማ ሳሉ” ካላችኋቸው የሚበር መኪናና ዛፍ የበቀለበት ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ይስላሉ፤ የለኩት ሁሉ ይረሳል። በምትኩ ወሰን ስጧቸው። 12 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በ12 ሳንቲ ሜትር ካርቶን ይወከል፤ 1 ሳንቲ ሜትር 1 ሜትር ነው። ከሁለቱም ዳር 2፣ 2 ሜትር ለእግረኛ፤ መሃል ላይ ሁለት መስመር ለመኪና፣ እያንዳንዱ 3 ሜትር። የቀረው 2 ሜትር ብቻ ነው። ዛፍ ይተከልበት? ብስክሌት ይሂድበት? መኪና ይቁምበት? ሦስቱም አይገቡም። ከዚያ አንዱ ልጅ “መኪናው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢሄድስ?” ሲል 3 ሜትር ነፃ ይወጣል፤ የእውነተኛ ንድፍ ክርክር ይጀመራል። ቶሎ አታስታርቋቸው።

ልጆች በዚህ ሥራ ቦታ እንዳላቸው የሚያሳይ ታሪክ ከፈለጋችሁ የብራዚሏን ኩሪቺባ ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ከንቲባው ዣይሜ ሌርነር ዋናውን የገበያ መንገድ ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛ አደረገው። የተቃወሙ ሹፌሮች መኪናቸውን ይዘው ሊገቡ ሲዝቱ፣ መንገዱ ላይ ረጅም ወረቀት ተዘርግቶ ልጆች ተቀምጠው ሥዕል ሣሉበት። መንገዱ ዛሬም የእግረኛ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ክፍሉ ለከተማው አስተዳደር አንድ ደብዳቤ ይጻፍ፤ አንድ ቦታ፣ አንድ ጥያቄ፣ ራሳቸው የለኳቸው ሦስት ቁጥሮች። የለካችሁባቸውን ነጥቦችም ቀንና ሰዓታቸውን ጨምራችሁ በካርታ ላይ አስፍሩ፤ መሬት ላይ የተደረገ የጠመኔ ምልክት በመጀመሪያው ዝናብ ይታጠባል፣ የሚቀጥለው ዓመት ክፍል ግን በዚያው ወር እዚያው ነጥብ ላይ ቆሞ መለካት አለበት።