ሻለቃ እና የረጋው ስኳር

እሺ... እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬም ስለ ሻለቃ ነው፣ በረንዳዬ ላይ ስለሚመላለሰው ሃሚንግበርድ፣ የአበባ ማር ስለሚጠጣው ትንሽ ወፍ። ባለፈው ሳምንት ሌላ ወሬ አመጣለሁ ብያችሁ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን ማክሰኞ ጠዋት ያየሁት ነገር ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ሰኞ ማታ ከሥራ ስገባ ደክሞኝ ነበር። ፊደሩን፣ የስኳር ውሃ የሚጠጣበትን ዕቃ፣ ሳላስገባ ተኛሁ። ሲያትል ዝናብ እንጂ ውርጭ ብዙም አያውቀንም። ያን ሌሊት ግን ከዜሮ በታች ሰባት ገባ። አንድ ስኒ ስኳር በአራት ስኒ ውሃ ነው የምበጠብጠው። እሱ ደግሞ ከተራ ውሃ ትንሽ ይዘገያል እንጂ መርጋቱ አይቀርም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ መጋረጃውን ገለጥ አደረግኩ። ገና በደንብ አልነጋም። ሻለቃ ፊደሩ ላይ ተቀምጧል። አይጠጣም። ላባውን ነፍቶ፣ ምንቃሩን ወደ ላይ ቀስሮ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ቀዳዳዎቹ ላይ ነጭ በረዶ ተጋግሯል። በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ዝም። እጄን አስጠጋሁ። ዝም። ሌላ ወፍ በአጠገቡ እንዲያልፍ የማይፈቅደው ሻለቃ! "ገደልኩት" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ቶርፖር የሚሉትን ነገር አንብቤያለሁ እኮ። በብርድ ሌሊት ጉልበት ለመቆጠብ ሰውነታቸውን ያቀዘቅዛሉ። ሲበሩ በደቂቃ ከ1,000 በላይ የሚመታው ልብ ወደ 50 ገደማ ሊወርድ ይችላል። ያን ሰዓት ግን አንዱም ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ትንሽነቱ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ነው የሚመዝነው።

ከፍሪጅ ሽሮፕ አወጣሁ፣ ለብ አደረግኩት፣ በሁለተኛው ፊደር ሞልቼ አጠገቡ ሰቀልኩ። ቆሜ ጠበቅኩ። ጫማ እንኳን አላደረግኩም። ሃያ ደቂቃ ይሆናል። መጀመሪያ ደረቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ክንፉ። ከዚያ አንገቱን ዞር ሲያደርግ ያ ሮዝ ቀለሙ ቦግ አለ። ተሻገረና ጠጣ። አቤት አጠጣጡ!

እዚያው በረንዳው ላይ አለቀስኩ።

አሁን ፊደሩ ላይ የገና መብራት ጠምጥሜበታለሁ። የድሮውን ዓይነት አምፖል ነው፤ ኤልኢዲ አይሞቅም። ከላይ የሱፍ ካልሲ አልብሼዋለሁ። ማታ አስገባዋለሁ፣ ሳይነጋ አወጣዋለሁ።

ለእማዬ ስነግራት "ለወፍ ስኳር?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሃሚንግበርድ ያለው እዚህ አሜሪካ አህጉር ላይ ብቻ ነው። የኛ አገሮቹ የአበባ ማር ጠጪ ወፎች፣ በተከዜ ስም የተጠራው ሰንበርድ ሳይቀር፣ አበባቸውን ራሳቸው ይፈልጋሉ። እኔ ግን... የሻለቃ ዘር፣ አና የሚባሉት፣ ድሮ ዋና ቤታቸው ካሊፎርኒያ ነበር። ወደ ሰሜን እየወጡ የመጡት የሰው አትክልትና የሰው ፊደር እየረዳቸው ነው። ታዲያ ጠርተናቸው ውርጭ ላይ ብንጥላቸውስ? እርግጥ ነፍሳትም ይበላሉ። ጎረቤትም ፊደር አለው። በኔ ብቻ አይኖርም። ይሄን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ። ግን ያን ጠዋት የተቀመጠው እኔ ጋ ነበር።

እና ለገና አዲስ አበባ እገባለሁ ብያችሁ የለ? እማዬ በጉን ከአሁኑ አስባዋለች። የምቆየው ሦስት ሳምንት ነው። ጃንዋሪ ደግሞ ዋናው የብርድ ጊዜ ነው። ጎረቤቴን ልለምን አሰብኩ። ግን ሳይነጋ ተነሥተህ ፊደር አውጣልኝ ይባላል? ወይ ከአሁኑ ባነሳው፣ ሌላ ቦታ ይለምዳል... አይ፣ በዚህ ብርድ ማንሳት ደግሞ...

ትናንት እማዬ "ቲኬት ቆረጥሽ ወይ?" ብላ ደወለች። "ነገ" አልኳት። ዛሬ ጠዋትም ገጹን ከፍቼ ቀኑን መርጬ ነበር። ከዚያ ሻለቃ መጣና...