አጅሬ ኤን-ሚክና ጋሻ ጃግሬው

(ምስል፦ የሕፃን ሆድ ንድፍ። ከኩላሊት በላይ ትንሽ ነጥብ ትበራለች።)

እስቲ ይቺን ነጥብ እዩልኝ። አድሬናል የምትባል ሆርሞን አመንጪ ዕጢ ናት። ኒውሮብላስቶማ የሚባለው የልጆች ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚህች ነው። ልጁ ገና ማህፀን ውስጥ እያለ ነርቭ ለመሆን ጉዞ የጀመሩ ሴሎች አሉ፤ አንዳንዶቹ መሃል መንገድ ላይ ይቀሩና መባዛት ብቻ ሥራቸው ይሆናል። አብዛኞቹ ታማሚዎች ከ5 ዓመት በታች ናቸው። ጉድ የሚያሰኘው፣ ጨቅላዎች ላይ አንዳንዴ ያለ መድኃኒት በራሱ ይጠፋል። ዛሬ የምናወራው ግን ስለማይጠፋው ነው።

(ምስል፦ ክሮሞዞም 2።)

ከ5 ታማሚዎች በአንዱ ገደማ እዚህ ክሮሞዞም ላይ ያለው ሚክኤን የተባለው ጂን ከልክ በላይ ተባዝቶ ይገኛል። ጤነኛ ሴል 2 ቅጂ ነው ያለው፤ እዚህ ግን በአስሮች፣ አንዳንዴም በመቶዎች ይቆጠራል። ጂኑ የሚያሠራው ፕሮቲን ኤን-ሚክ ይባላል። አጅሬ ብቻውን ልፍስፍስ ክር ነገር ነው። ማክስ ከሚባል ፕሮቲን ጋር ሲጠማዘዝ ግን ዲኤንኤውን ጥርቅም አድርጎ ይይዝና የዕድገት ጂኖችን ይቀሰቅሳል።

ጤነኛ ሴል ይህን ስለሚያውቅ ኤን-ሚክን ብዙ አያቆየውም። መጀመሪያ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካል ይለጠፍበታል። ያንን ያየ ሌላ ፕሮቲን ዩቢኪቲን የሚባል ምልክት ይደርብበታል። ከዚያ ቀጥታ ወደ ፕሮቲያሶም፣ ማለትም ወደ ሴሉ የፕሮቲን መፍጫ።

(ምስል፦ ሁለት ፕሮቲኖች ተጣብቀው።)

ጋሻ ጃግሬው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ኦሮራ-ኤ ነው፤ ኢንዛይም (የሴሉን ኬሚካላዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ሲሆን የዘወትር ሥራው ሴል ሲከፈል ማገዝ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የጀርመን ተመራማሪዎች ያዩት ግን ኤን-ሚክን ሙጭጭ ብሎ ይዞ ከመፍጫው ሲያስጥለው ነው። እኔን በጣም የገረመኝ፣ ለዚህ ኢንዛይምነቱ እንኳ አያስፈልገውም። ተለጥፎ መቆም ብቻ ይበቃዋል!

ስለዚህ የኦሮራን ሥራ ብቻ የሚያስቆም መድኃኒት አይበቃም፤ ቅርጹን አጣምሞ እጁን የሚያስለቅቅ ነው የሚፈለገው። ታዲያ ለምን ኤን-ሚክን ራሱን አንመታም? ልፍስፍስ ነው አልኩ አይደል፣ መድኃኒት የሚወሸቅበት ጎድጓዳ ቦታ የለውም። አሊሰርቲብ የተባለው መድኃኒት ያንን እጅ በከፊል ያስለቅቃል፤ ልጆች ላይም ተሞክሯል፣ ግን ደም የሚሠሩትን ሴሎችም ይጎዳል።

አሁን ደግሞ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሌላ ዘዴ አለ፤ ዩቢኪቲኑን ኦሮራ ላይ አስለጥፎ፣ ጋሻ ጃግሬውን ራሱን ወደዚያው መፍጫ መላክ።