«ቴፑ ተበላሽቶ ነው፣ ልቀይረው?» የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው የመኪና ሰዓታችን ስለ ሬዲዮ፣ ስለ ካሴትና ስለ ሲዲ መስመሩን ክፍት አድርገን ነበር። ስልኩ እረፍት አጣ። አየር ላይ በጥድፊያ የመለስኳቸውን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ። ከደወሉት ብዙዎቹ ጥያቄያቸውን የጨረሱት «ልቀይረው?» ብለው ነው። እኔም ለብዙዎቹ የመለስኩት «ቆይ፣ አትቸኩል» ብዬ ነው።

ከገርጂ የደወለ ወጣት፦ «ቪትዝ ገዛሁ። መኪናዋ አንደኛ ናት። ሬዲዮዋ ግን 90 ላይ ስትደርስ ተመልሳ 76 ትገባለች። ሸገር የለም፣ ፋና የለም። ሻጩ አንቴናው ነው አለኝ።»

አንቴናውን አትንካው ወንድሜ። ሬዲዮው የተሠራው ለጃፓን ነው። ጃፓን ውስጥ ኤፍኤም የሚሰራጨው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ባለው ቦታ ላይ ነበር። ከ90 እስከ 108 ያለውን ለብዙ ዓመታት ይዘውት የኖሩት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ናቸው። አሮጌው የአናሎግ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2011 መዘጋት ሲጀምር ነው ቦታው የተለቀቀው። ለዚህ ነው አዳዲሶቹ የጃፓን ሬዲዮኖች እስከ 95 የሚደርሱት። ያንተ ግን የድሮው ነው። የአዲስ አበባ ጣቢያዎች ደግሞ ሰፈራቸው ሌላ ነው፦ አሐዱ 94.3፣ ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1። ሬዲዮው ጤነኛ ነው፤ እዚያ ድረስ መሄድ ግን አይችልም።

መፍትሔው ሁለት ነው። ርካሹ «ኤክስፓንደር» የሚባለው ትንሽ ሳጥን ነው። የአንቴናው ገመድ ሬዲዮው ጀርባ ላይ ከሚሰካበት ቦታ መሃል ይገባል። አንድ ቀይና አንድ ጥቁር ሽቦ አለው፤ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር መብራት ከሚያገኘው መስመር ጋር፣ ጥቁሩ ከማሳ፣ ማለትም ከመኪናው አካል ብረት ጋር ይያያዛል። ሥራው ጣቢያውን ወደ ታች ማውረድ ብቻ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሁሉም ሳጥን አንድ አይደለም። ባለ 12 አለ፣ ባለ 15 አለ፣ ባለ 20 አለ። ቁጥሩ ምን ያህል ሜጋኸርዝ እንደሚቀንስ ነው የሚነግርህ።

አብረን እንቀንስ። ባለ 20 ብትገዛ ሸገር 82.1 ላይ፣ ፋና 78.1 ላይ፣ ኤፍኤም አዲስ 77.1 ላይ ይመጡልሃል። አሐዱ ግን 74.3 ይሆናል፤ ሬዲዮህ ከ76 በታች ስለማይወርድ እሱ ቀረ ማለት ነው። ባለ 12 ከሆነ አሐዱ 82.3 ላይ ቁጭ ይላል፣ ፋና 86.1 ይሆናል፣ ሸገር ግን 90.1 ላይ ይወድቃል። ለአንድ ነጥብ! ባለ 15 አራቱንም ይይዛል፤ ከ105 በላይ ያለ ጣቢያ የምትሰማ ከሆነ ግን እሱን ታጣለህ። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ከመውረድህ በፊት የምትሰማቸውን ጣቢያዎች ጽፈህ ቀንስ። ሻጩ «ሁሉንም ይይዛል» ይልሃል። አይይዝም።

ሁለተኛው መንገድ ከ87.5 እስከ 108 የሚሄድ ቴፕ መግዛት ነው። ያን ጊዜ ስፋቱን ለካ። የተለመደው ቴፕ ስፋቱ 18 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የብዙ ቶዮታዎች ክሩስኮት ክፍተት ግን 20 ሳንቲ ሜትር ነው። በጎንና በጎን የሚገባውን ፕላስቲክ አብረህ ካልገዛህ ክፍተቱ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ይታይሃል። ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ የፋብሪካውን ሶኬት ቆርጦ ሽቦ በሽቦ እንዲያጣምር አትፍቀድለት። ለቶዮታ የሚሆን መቀያየሪያ ሶኬት አለ። ነገ አሮጌውን መመለስ ብትፈልግ ታመሰግነኛለህ።

ከሃያ ሁለት የደወለ የራይድ ሹፌር፦ «የእኔም የጃፓን ነው። ከስልኬ ሙዚቃ የሚያስተላልፍ፣ ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካ ነገር ገዛሁ። 101 ላይ አድርጌው ምንም አልመጣም።»

ሬዲዮህ 101ን አያውቀውም። ያቺ ዕቃ ከ87.5 ትጀምራለች፣ ሬዲዮህ 90 ላይ ያበቃል። የሚገናኙት በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መሃል ብቻ ነው። ዕቃዋን 88.1 ላይ አድርጋት፣ ሬዲዮውንም 88.1 ላይ። የሚንሿሿ ከሆነ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገህ ሞክር። የስልክህን ድምፅ ከፍ አድርግ፣ የሬዲዮውን ቀንስ፤ እንዲያ ነው ጥርት የሚለው።

ከደብረ ብርሃን የደወሉ አባት፦ «የእኔ መኪና ዲኤክስ ናት። ቴፑ አብሯት የመጣው ነው። የድሮ ካሴቶቼን ሳስገባ ድምፁ ታፍኗል፤ አንዳንዴም ክሩን ይበላዋል። ልጆቼ አውጥተህ ጣለው ይሉኛል።»

አይጣሉት አባቴ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

የታፈነ ድምፅ በአብዛኛው ቆሻሻ ነው። የካሴቱ ክር ቡናማ ዱቄት አለው፤ ሙዚቃው ያለው እሱ ላይ ነው። ክሩ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በሴኮንድ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ እየሄደ «ሄድ» የሚባለውን ብረት እያሸ ያልፋል። በሄደ ቁጥር ትንሽ ዱቄት እዚያ ላይ ይተዋል። ያ ሲጠራቀም መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፦ የክራሩ ጫፍ፣ የጸናጽሉ ሽው ማለት። ቤዙ ይቀራል። «ታፍኗል» ያሉት ይህንን ነው።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። ከፋርማሲ አልኮል ይግዙ፤ ውሃው ያነሰ፣ 90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን። ሽቶ አይሆንም። አረቄም አይሆንም፤ ይህን የምለው አንድ ደንበኛ በካቲካላ ሲያሻሽ ስላየሁ ነው። የጆሮ ጥጥ በአልኮሉ ያርጥቡ፣ እስኪንጠባጠብ ግን አይሁን። ሞተሩን ያጥፉ፣ ቴፑ ጠፍቶ ይሁን። በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ሲያዩ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ብረት ይታያል፤ ሄዱ እሱ ነው። አጠገቡ ቀጭን የብረት ዘንግ አለ፣ እሱን የሚጫን ጥቁር የላስቲክ መንኮራኩርም አለ። ሦስቱንም ይጥረጉ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ጥጥ እየቀያየሩ ይድገሙት። ላስቲኩ ላይ ሲደርሱ አልኮሉን አያብዙ፣ ያደርቀዋል። አሥር ደቂቃ ይታገሱና ካሴት ያስገቡ።

ክር የሚበላውም እዚያው ነው። ዘንጉና ላስቲኩ ሲጨማለቁ ክሩ ይጣበቅና ይጠቀለልበታል። ሌላው ጥፋተኛ ካሴቱ ራሱ ነው። 120 የሚል የተጻፈበት ካሴት ሁለት ሰዓት የሚይዘው ክሩ ስለቀጠነ ነው፤ ለመኪና አይሆንም። 60ና 90 የሚሉት ይሻላሉ። ክሩ ከላላም ሳያስገቡት በፊት እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ ከተው ያጥብቁት። ይህን ለእርስዎ ማስተማር አያስፈልገኝም!

ክሩ ቀድሞ ከተበላስ? አይጎትቱት። ቴፑን ያጥፉ፣ ካሴቱ በግማሽ ከወጣ በአንድ እጅ ይያዙት፣ በሌላው ክሩን ከላስቲኩ ላይ ቀስ እያሉ ይፍቱ። ከተጎተተ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ክር ደግሞ ከዚያ በኋላ ዘፋኙን ሲያንቀጠቅጠው ይኖራል።

አንድ ልማድ ደግሞ ይተዉ። መኪናውን ሲያቆሙ ካሴቱ እየዘፈነ ቁልፉን አያጥፉ። በብዙ አሮጌ ቴፖች ላስቲኩ ዘንጉ ላይ እንደተጫነ ያድራል፣ ጉድጓድ ያወጣል። ጠዋት ሲከፍቱት ድምፁ የሚንገዳገደው ለዚያ ነው። መጀመሪያ ካሴቱን ያውጡ፣ ከዚያ ቁልፉን። የወጣውንም ካሴት ክሩስኮት ላይ ፀሐይ ላይ አይተዉት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከታፈነ፣ ሄዱ ዘምሞ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ያለች ትንሽ ቡለን ሩብ ዙር እንኳ ሳትሞላ ታስተካክለዋለች፤ እሱን ግን ለባለሙያ ይተዉለት።

ከሀዋሳ የደወለች እህት፦ «መዝሙር ኮምፒውተር ላይ ሲዲ አስደርጌ አመጣሁ። ቤት ይሠራል፣ መኪናው ግን ኤረር ይላል። ኦሪጅናሉን ሲዲ ይጫወታል።»

ኦሪጅናሉን ከተጫወተ ማጫወቻው ደህና ነው። ሲዲሽ ላይ ስንት መዝሙር አለ? ከመቶ በላይ ካልሽኝ ኤምፒስሪ ነው፤ ብዙ መዝሙር እንዲይዝ ድምፁ ተጨምቆ የተቀመጠበት ፋይል ማለት ነው። የድሮ የመኪና ሲዲ ማጫወቻ ኤምፒስሪ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ፊቱ ላይ ካልተጻፈበት አይጠብቁት። ሲዲውን ሲያዘጋጁልሽ «ኦዲዮ ሲዲ አድርጉልኝ» በያቸው። ያን ጊዜ የሚይዘው 80 ደቂቃ ነው፤ አራት አራት ደቂቃ ከሆኑ 20 መዝሙር። ያንሳል፣ ግን ይሠራል። ደጋግሞ የሚጻፍበት ዓይነት ሲዲም አይሁን፤ ብርሃን የሚመልሰው ትንሽ ስለሆነ የድሮ ማጫወቻ አያነበውም። ሲጻፍም በዝግታው ፍጥነት ይጻፍ።

የወረቀት ስም የተለጠፈበት ሲዲ መኪና ውስጥ አታስገቢ። ውስጡ ሲሞቅ ወረቀቱ ይነሳና ሲዲው አልወጣም ይላል። ሲዲውን ስትጠርጊም ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገሽ እንጂ እያዞርሽ አይደለም። ደግሞ ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ፊት ነው። ስሙ የተጻፈበት ፊት ላይ የወጣ ጭረት ይብሳል፤ መዝሙሩ ያለበት ስስ ንጣፍ ለዚያኛው ወገን ነው የሚቀርበው፣ ከታች በኩል ግን ወፍራም ፕላስቲክ አለው።

ከመገናኛ የደወለ አድማጭ፦ «ባትሪ ቀየርኩ። ቴፑ ኮድ አምጣ አለኝ። ምን ልስጠው?»

የሌባ መከላከያ ነው። መብራት ሲቋረጥበት የተሰረቀ ይመስለዋል። ቁጥሩን በግምት አታስገባ፤ ብዙዎቹ ጥቂት ጊዜ ከተሳሳትክ ይዘጋሉ፣ አንዳንዱም አብርተኸው አንድ ሰዓት ያህል እስክትጠብቅ ድረስ ሌላ ሙከራ አይቀበልም። መጀመሪያ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ገልጥ፣ የጓንት ሳጥኑንም ውስጡን እይ፤ ትንሽ ካርድ ወይም ተለጣፊ ላይ ይገኛል። ከሌለ ቴፑ ይወጣና ጎኑ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር ይነበባል፤ የመኪናው ወኪል በዚያ ቁጥር ኮዱን ያገኘዋል። ኮዱን ስታገኝ ግን ካርዱን መልሰህ መኪናው ውስጥ አትተወው።

ከአዳማ፦ «አዲስ ቴፕ አስገጠምኩ። መኪናውን ባጠፋሁ ቁጥር የያዝኩለት ጣቢያ ይጠፋል። ዕቃው አሮጌ ሸጡልኝ መሰለኝ።»

አልሸጡልህም። ቢጫውና ቀዩ ሽቦ ተቀያይረዋል። ከሱቅ በሚገዙት ቴፖች ላይ ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪው መብራት የሚያገኘው ነው፤ ጣቢያና ሰዓት የሚያስታውሰው በእሱ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ። ጥቁሩ ማሳ። ሁለቱን አቀያይርለት። የፋብሪካው ሽቦ ቀለም ግን ከዚህ ይለያል፤ በመኪናው በኩል ያለውን በመለኪያ እንጂ በቀለም አትመን። ተቀያይረው ካልሆነ የቢጫውን ፊውዝ እይ።

ከሳር ቤት፦ «ነዳጅ ስረግጥ ስፒከሩ ያፏጫል።»

ስልክህን ቻርጀር ላይ ሰክተህ በገመድ ሙዚቃ የምትሰማ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀለው። ፉጨቱ ከጠፋ ጥፋቱ የእሱ ነው። ካልጠፋ ሲዲ አስገባ። በሲዲ ንጹሕ ሆኖ በሬዲዮ ብቻ ከጮኸ በአንቴናው በኩል የገባ ነው፤ ሞተሩን ተከትሎ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነም የካንዴላውን ገመድ አስፈትሽ። በሁሉም ከጮኸ የቴፑ ማሳ ነው። ቀለም ላይ ነው ያሰሩት፤ ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ ይታሰር።

ከሲኤምሲ፦ «ኮሮላዬ ከአሜሪካ የመጣች ናት። ኤፍኤም ሁሉም ይገባል። የኢትዮጵያ ሬዲዮ በኤኤም 873 ግን ያስነጥሳል።»

የአሜሪካ ሬዲዮ በኤኤም በአሥር አሥር ነው የሚዘለው፦ 870፣ ከዚያ 880። እኛ ዘንድ ጣቢያዎቹ የተቀመጡት በዘጠኝ ዘጠኝ ነው። 870 ላይ ሆነህ ጠርዙን ነው የምትሰማው። መቼቱ ውስጥ «ክልል» የሚል ካለ አሜሪካ የሚለውን ወደ አውሮፓ ቀይረው። ከሌለ በቁልፍ የሚስተካከል ነገር የለም።

ከጎፋ የደወሉ እናት፦ «የልጅ ልጄ የአንድ ብር ሳንቲም ሲዲው ቀዳዳ ውስጥ ከተተ። ውስጡ ይንኳኳል።»

ምንም አይደል እማማ። ቴፑን አያብሩት፣ ሲዲም አያስገቡ። በቢላም አይጎርጉሩት። ሳንቲም ብረት ነው፣ ውስጡ ያለው ሰሌዳ ላይ ከተኛ ያቃጥለዋል። ኤሌክትሪሺያን ቴፑን አውጥቶ ክዳኑን ቢከፍት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ሲከፍተው አጠገቡ ይቁሙ፤ ከአንድ ብርም በላይ ሊወጣ ይችላል።