ጠለዛና ረጅም ኳስ
በጎንደር ለታችኛው ሊግና ለሰፈር ቡድኖች አሰልጣኞች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ የቡድን መሪዎችና ተጫዋቾች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ተከላካይ ኳስ ሲቀባበል ከዳር «አውጣው!» ይባላል፤ ሲያወጣው ደግሞ «ምን ይጠልዘዋል?» ይባላል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ያየ ተመልካች በቀላሉ አይረካም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ያውም ከሥራ መልስ የሚሰለጥን ቡድን ግን ሁለቱንም ጩኸት እየሰማ መጫወት አይችልም። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ከራሳችሁ ሜዳ በረጅም ኳስ ውጡ፣ ተቃራኒው ሜዳ ስትደርሱ በአጭር ቅብብል ተጫወቱ።

የረጅም ኳስ ጠበቆች እንግሊዛዊውን የሂሳብ አያያዝ ባለሙያ ቻርልስ ሪፕን ይጠቅሳሉ። ሪፕ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጨዋታ በወረቀት እየመዘገበ፣ አብዛኛው ጎል ከሦስት ቅብብል ባልበለጠ እንቅስቃሴ ይገኛል አለ። ቆጠራው ባይሳሳትም ድምዳሜው ስቷል። ኳስ ቶሎ ቶሎ ስለሚነጠቅ፣ ጎል ሆነም አልሆነ አብዛኛው እንቅስቃሴ ከሦስት ቅብብል አያልፍም። ከአዘዞ ፒያሳ የሚመጣው ሰው አብዛኛው በባጃጅ ቢመጣ፣ ባጃጅ ከሁሉም ይፈጥናል አያሰኝም። ስለዚህ ረጅም ኳስ የምመክራችሁ በሪፕ ቁጥር ተማምኜ ሳይሆን ሜዳችሁንና የልምምድ ሰዓታችሁን አይቼ ነው።

ጠለዛ ማለት መቺው ራሱ ኳሱ የት እንደሚወድቅ ሳያውቅ መምታት ነው። ረጅም ኳስ ሲሆን ግን ገና ሳይመታ አምስት ሰው ቦታውን ይዟል። አንዱ አጥቂ በቴስታ ለመሻማት ይዘላል፤ ሌላው ከእሱ ጀርባ ለመሮጥ ይዘጋጃል። ሁለት አማካዮችና በዚያ በኩል ያለው የመስመር ተጫዋች ከዘላዩ በፊት ከ8 እስከ 10 ሜትር ርቀው ግማሽ ክብ ይሠራሉ፤ ተከላካይ በግንባሩ የሚመልሰው ኳስ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚወድቀው። ሁለተኛው ኳስ የምንለው ይኸው ነው። ኳሱን ወደ መሐል ሳይሆን ወደ መስመር ጠጋ አድርጋችሁ ላኩት። እዚያ ብትነጠቁ እንኳ ጎላችሁ ሩቅ ነው፣ መስመሩም እንደ አንድ ተከላካይ ያግዛችኋል።

ትልቁ ጥፋት የሚታየው ግን ከኋላ ነው። ኳሱ 45 ሜትር ሲሄድ አራቱ ተከላካዮች ከሳጥናቸው ንቅንቅ አይሉም፤ መሐሉ ባዶ ይቀራል፣ ሁለተኛውን ኳስ ተቃራኒ ለብቻው ይለቅመዋል። ከመጨረሻው ተከላካይ እስከ መጀመሪያው አጥቂ ያለው ርቀት ከ35 ሜትር አይብለጥ። ግብ ጠባቂው የመልስ ምት ሲመታ አይቸኩል፤ ተከላካዮቹ ወደ መሐል መስመር እስኪጠጉ ይጠብቅ።

አንድ ሕግ ደግሞ ብዙዎች ግማሹን ብቻ ያውቁታል። ከመልስ ምት በቀጥታ የመጣን ኳስ የተቀበለ ተጫዋች ከጨዋታ ውጭ አይባልም። ጓደኛው በግንባሩ ካሻገረለት ግን፣ ያ አዲስ ቅብብል ነውና፣ ሕጉ እንደገና ይሠራል። ስለዚህ ከጀርባ የሚሮጠው ሰው ዘላዩ ኳሱን እስኪነካ ከመጨረሻው ተከላካይ ጋር እኩል ይቁም።

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይርቃል፣ በአየር ላይም እምብዛም አይታጠፍም። እዚህ የለመደ መቺ ቆላ ወርዶ መተማ ሲጫወት ያው ምት ያጥርበታል፤ ከጨዋታው በፊት አሥር ኳስ መትቶ ይለካ።

ወደ አጭሩ ቅብብል ልምጣ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመልስ ምትን የቡድን ጓደኛ ሳጥን ውስጥ ሆኖ መቀበል ይችላል፤ ተቃራኒ ግን ኳሱ እስኪመታ ውጭ ይቆያል። በቴሌቪዥን ያየነውን ሁሉ መኮረጅ የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው። የቴሌቪዥኑ ሳር የተላጨ ምንጣፍ ነው፤ የእኛ ሜዳ በበጋ እንደ አስፋልት ያነጥራል፣ በክረምት እንደ ሊጥ ይይዛል። ከጨዋታው አንድ ሰዓት በፊት ሜዳውን ዙሩና ስድስት ቦታ ላይ ኳስ ከራስ ቁመት ጣሉ። የሚሞትበትንና የሚዘልበትን ለተጫዋቾች አሳዩ። ብዙ የሚረገጠው የጎሉ አፍና መሐል ሜዳው ስለሆነ ዳሩ ይሻላል። የኳሱንም ንፋስ እዩ፤ ሕጉ ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ይፈቅዳል፣ ለደረቅ ሜዳ ወደ ታችኛው ጠጋ ያለው ይመቻል።

ከኋላ መስርታችሁ መውጣት ካለባችሁ ተቃራኒን ቁጠሩ። ሁለት ሆነው ከተጫኑ ግብ ጠባቂውን ጨምራችሁ ሦስት ናችሁ፣ ተቀባበሉ። ሦስት ሆነው ከመጡ ኋላቸው ሳስቷልና ኳሱ ይሻገር። ተቀባዩ ፊቱን ወደ ራሱ ጎል ብቻ አዙሮ አይቁም፤ ጎን ለጎን ቆሞ ኳሱን በራቀው እግሩ ይቀበል። አብዛኛው ንጥቂያ የሚመጣው ከመጥፎ ቅብብል ይልቅ ከዚህ አቋቋም ነው።

ለዚህ ሳምንት አንድ ልምምድ ልስጣችሁ። በ40 በ30 ሜትር ሜዳ ስድስት ለስድስት አሰልፉ። ከውጭ አንድ ሰው ከ35 ሜትር ርቀት ረጅም ኳስ ይላክ። ነጥብ የሚያዘው በቴስታ ላሸነፈው ሳይሆን ሁለተኛውን ኳስ ይዞ ሦስት ጊዜ ለተቀባበለው ነው። አራት ደቂቃ ተጫውቶ ሁለት ደቂቃ ማረፍ፣ አራት ዙር። ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ግማሽ ክቡ ከድካም ብዛት ወደ ዘላዩ ይሰበሰባል፤ ያኔ አስቁሟቸውና ርቀቱን በእርምጃ አስለኩ። ኮኖቹ ውጭ ተደርድረዋል፣ ኳሶቹም ተነፍተዋል፤ ሜዳ ላይ እንገናኝ።