መቃብሩን በሲሚንቶ አንሸፍነው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የእድር ዳኞች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤ እንደምን ዋላችሁ!

የመጣሁት ስለ መቃብር ልናገር ነው። ርእሱ ደስ አይልም፤ ግን ግድ ሆነብኝ። ባሕር ዳር በቆርቆሮና በኮብልስቶን እየተሸፈነች ስትሄድ ሀገር በቀል ዛፍ እንደ ልቡ የሚያድግበት ቦታ ጠቧል። ከተረፉት መካከል የቤተ ክርስቲያን ቅጽርና የሙስሊም ወገኖቻችን መካነ መቃብር ይገኙበታል። የጎዳናዎቻችንን ዘንባባ አልረሳሁም፤ ጥላው ግን የዋርካን ያህል አይሆንም። ፍትሐት እስኪያልቅ ሁላችንም ወዴት እንደምንጠጋ ታውቁታላችሁ።

ከተማችን በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው በክረምት ይወርዳል። አስፋልት ላይ የወደቀው ቆሻሻውን ጠራርጎ ጣና ይገባል። ዛፍ ሥር የወደቀውን ግን ቅጠሉ ያበርደዋል፤ ሥሩ በከፈተለት መንገድም ወደ ታች ይሰርጋል። ሐይቁን የወረረው እምቦጭ አረም የሚፋፋው ከየብስ ታጥቦ በሚገባው ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው። አንድ ቅጽር ብቻውን ሐይቁን አያድንም፤ ሁሉም ቅጽር ሲሚንቶ ቢለብስ ግን ጎርፉ ይብሳል።

ፓሪስ በ1804 እ.ኤ.አ. የከፈተችው ፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ዛሬ የከተማዋ ሰው የሚናፈስበት ጫካ ነው። እኛ ግን ይህን ከፓሪስ አልተማርንም። አባቶቻችን በየደብሩ ዙሪያ ጥድና ወይራ ጠብቀው አቆይተውልናል። የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ እንዳሳዩት ለነዚህ ደኖች ትልቁ ፈተና ከብት ነው፤ ችግኙን ይበላል፣ ይረግጣል፤ ሽማግሌው ዛፍ ሲወድቅም ተተኪ ይጠፋል። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜግ ላውማን ጋር ሆነው በየደብሩ የድንጋይ አጥር እንዲታጠር የደከሙትም ለዚሁ ነው።

እዚህ ከተማ ውስጥ የሚያሳስበኝ ከከብቱ ይልቅ መቃብር ላይ የሚነጠፈው ሲሚንቶና ሴራሚክ ነው። ሐዘንተኛን አትወቅሱ ትሉኝ ይሆናል። አልወቅስም፤ ሐውልቱም ይቁም። በሐውልቶቹ መካከል ያለው አፈር ግን አይለሰን። አዲስ መቃብር ደግሞ ከጉድጓድ ውኃና ከሐይቁ ዳር ይራቅ።

በየእድራችሁ መተዳደሪያ ደንብ አንድ አንቀጽ ጨምሩልኝ፤ ለሐውልት ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለችግኝ ይዋል። ሰኔ ላይ ዋንዛና ወይራ ይተከል፤ ባሕር ዛፍ ይቅር። ችግኙ ከመቃብሩ ራቅ ይበል፤ አለበለዚያ ሥሩ ድንጋዩን ያነሳዋል። መትከሉንማ ሁላችንም እንወዳለን፤ ችግኙ የሚደርቀው በጋ ላይ ውኃ የሚያጠጣው አጥቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከመለያየታችን በፊት የየደብሩን ውኃ አጠጪ በስም እንመዝግብ።

አመሰግናለሁ።