ሰባ ባቄላ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። አንዲት እናት ስለጠየቁኝ ጥያቄ ላወራችሁ ነው።

የኬሚካል ምህንድስና አስተምራለሁ። የምመራመረው ደግሞ በአጥንት ከሰል ላይ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል የተፈጥሮ ንጥረ ነገር ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል፤ እዚያ ግን ከ10 የሚያልፍ ጉድጓድ አለ። የልጆች ጥርስ ይበልዛል። ከዓመታት በኋላ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ ወገብ ይጎብጣል። ማፍላት አይረዳም። ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል።

የከብት አጥንት ብዙ አየር ሳያገኝ ሲከስል ግን ፍሎራይድን ይይዛል። በሰው አጥንት ውስጥ የሚከማቸውም በዚሁ ጠባዩ ነው። እኛ የምናደርገው ከሰው አጥንት በፊት የከብት አጥንት እንዲያገኘው ነው። (በጾም ቀን በአጥንት ያለፈ ውሃ እንዴት ይጠጣል የሚሉ አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ራሱን የቻለ ክፍል ይፈልጋል።)

ቤተ ሙከራ ውስጥ ሥራው ደስ ይላል። ውሃውን በከሰሉ እናሳልፋለን፣ በየሰዓቱ እንለካለን። ለረጅም ጊዜ ንጹህ ይወጣል። ከዚያ ከሰሉ ይጠግብና ፍሎራይዱ ማለፍ ይጀምራል። ይህ በግራፍ ሲሣል የሚወጣውን ኩርባ ተማሪዎቼ በቃላቸው ያውቁታል።

እኒያ እናት ይህን ከሰል የያዘውን የቤት ማጣሪያ አገላብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ መድከሙን በምን አውቃለሁ?» አሉኝ። ፍሎራይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕሙም አይታወቅ። የደከመ ማጣሪያ ውሃውን እንደ ድሮው ኩልል አድርጎ ያወርዳል። መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ማስተማሬ ተለወጠ። ዳግም አረቄን ምሳሌ አድርጌ ስለ ማንጠር ሳስተምርም ቢሆን፣ መጨረሻ ላይ «በቤቱ ያለ ሰው ይህን በምን ያውቃል?» እላለሁ። ባለፈው ፈተና ይህን ሰጠሁ። 10 ኪሎ ከሰል አለ። አንዱ ግራም 2 ሚሊግራም ፍሎራይድ ይይዛል። ከእያንዳንዱ ሊትር 10 ሚሊግራም መውጣት አለበት። ሒሳቡ 2,000 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 100 ጊዜ ማለት ነው። «ለእናትየው ምን ትላቸዋለህ?» አልኩ።

አብዛኞቹ 100 ብለው አቆሙ። አንዲት ልጅ ግን እንዲህ ጻፈች፦ «ከቤተ ሙከራ ውጭ ከሰሉ ቶሎ ስለሚደክም 70 እንበል። 70 ባቄላ በጣሳ እሰጣቸዋለሁ። አንድ ጀሪካን ባጣሩ ቁጥር አንድ ያውጡ። ጣሳው ባዶ ሲሆን ከሰሉ ይቀየር።»

ሙሉ ማርክ ሰጠኋት። አሁን ለመስክ ሥራ ስንወጣ ከመለኪያችን ጋር ባቄላ እንይዛለን።